እትዬ ዶርቃስ እና የሃላሌ መስመር

እትዬ ዶርቃስ ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮው ሹፌራችን መስፍን ነው። ሐዋሳ፣ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ይርጋ፣ እትዬ ትናንት አረፉ» አለኝ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «አልተሰቃዩም። ጠዋት ከልጆቻቸው ጋር ዘምረዋል፣ ምሳ ቀምሰዋል፣ ጋደም እንዳሉ ነው የቀሩት» ሲል ጨመረልኝ። አለቀስኩ። ግን ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ሕመሙ እንዴት እንደሚያንገላታቸው አይቼ ስለነበር፣ በልቅሶዬ መሀል ተመስገን ማለቴም አልቀረም።

ለቀብር ሶዶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ዝማሬያቸው፣ ስላሳደጓቸው የእህታቸው ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ከወንዶች እኩል ድንጋይ ስለ መሸከማቸው ሲወራ ዋለ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ መገናኛ ክፍሉ ግን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ የማውቃቸው ደግሞ እዚያች ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የዚያን እኔ ልናገር።

የተቀጠርኩት ከሚሊኒየሙ ማግስት ነው። ድርጅታችን ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሶዶ፣ ክሊኒኮቹ ደግሞ ቦምቤን፣ ዲምቱንና ሃላሌን በመሳሰሉ የወረዳ ከተሞች የነበሩ የእርዳታ ድርጅት ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪዬን ይዤ ከነሙሉ ኩራቴ ስገባ «አለቃህ እኚህ ናቸው» ተባልኩ። ሹራብ ደርበው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር አውልቀው የተቀመጡ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝና በወላይትኛ የሆነ ነገር ጠየቁኝ። አልገባኝም። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሶዶ ቢሆንም አያቴ ከሸዋ ለጸሐፊነት የመጡ ሰው ስለነበሩ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ወላይትኛዬ ከገበያ አያልፍም ነበር።

«የማን ልጅ ነህ ነው ያልኩህ» አሉ በአማርኛ። «ችግር የለም፤ ትማረዋለህ።»

እትዬ ዶርቃስ ትምህርታቸው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በወጣትነታቸው ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ሶዶ ላይ ስልክ የሚገናኘው በእጅ ነው፤ ገመዱን ከዚህ ነቅለው እዚያ እየሰኩ። በኋላ ድርጅታችን ገብተው ከክሊኒኮቹ ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሬዲዮው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቻቸው ጡረታቸውን ሲጠይቁ፣ እሳቸው መሣሪያውን ሊተክል ከአዲስ አበባ ከመጣው ኢንጂነር አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ወር ሙሉ እሱ የሠራውን ሁሉ በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉ። ኢንጂነሩ ሲሄድ ዕውቀቱ በእሳቸው የካርቶን ፋይል ውስጥ ቀረ።

አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸው ነበር። ሲረጋጉ ደህና ነው፤ ሲናደዱ ግን እኔንም «አንቺ» ይሉኛል። አንድ ዓመት ሳልሞላ፣ ንዴታቸውን በዚያ ለይቼ ማወቅ ጀመርኩ።

ሥራችን ምን እንደነበር ላላየው ሰው በአጭሩ ልንገር። ራውተር የምትባለው ሳጥን መልእክት በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት የምትወስን ናት። የሶዶዋ ራውተር ከእያንዳንዱ ክሊኒክ ራውተር ጋር የማያቋርጥ ንግግር አላት፤ እኛ ሴሽን እንለዋለን። በየደቂቃው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከጀርባቸው ወዳሉት ኮምፒውተሮች የሚወስደውን መንገድ የሚነጋገሩትም በዚሁ ነው። ሰላምታው ደጋግሞ መልስ ሲያጣ አንዷ ሌላዋን ሞታለች ብላ ትቆጥራለች፤ የነገረቻትንም መንገድ ሁሉ ከመዝገቧ ትሰርዛለች። ያኔ ክሊኒኩ ይቆረጣል። የመድኃኒት ጥያቄ አይመጣም፣ የሕሙማን መረጃ አይሄድም፤ የእኛ ስክሪን ላይም የክሊኒኩ ስም ይቀላል።

እኔ ስሙ ሲቀላ ቁልፍ መደብደብ እጀምራለሁ። እትዬ ዶርቃስ ስልክ ያነሳሉ። «ቀይ መብራት ምስክር ናት እንጂ ዳኛ አይደለም» ይሉ ነበር። ስልኩ ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የመጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

የዲምቱን ነገር እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ዲምቱ ቆላ ነው፤ ራውተሯ ቀትር ላይ እየጠፋች ትነሳለች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሶፍትዌር ስፈላሰፍ እሳቸው ለክሊኒኩ ነርስ ደወሉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ «ልብስ አልብሳችሁታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ነርሷ በኩራት አዎ አለች። አዲሱ ዕቃ አቧራ እንዳይነካው ብላ እንደ ቴሌቪዥን የዳንቴል ልብስ በእጇ ሠርታ አልብሳዋለች። ሳጥኗ መተንፈሻ አጥታ ነበር የምትግለው። እትዬ ዶርቃስ «ጎበዝ፤ እጅሽ ይባረክ። ግን ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፊውና ሳጥኑን ከላዩ አስቀምጪው» አሏት። ስልኩን ዘግተው ሲያበቁ ነው የሳቁት፤ ነርሷ እየሰማች አልሳቁም።

አሁን ወደ ሃላሌ ልምጣ።

የሃላሌን ክሊኒክ ያገናኘሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ብቻዬን የሠራሁት ሥራ ነበር። ቦምቤንና ዲምቱን ኢንጂነሩ ሠርቷቸዋል፤ ሃላሌ የእኔ ናት። በጋውን በሙሉ ያለ እንከን ሠራች፤ እኔም ለሰው ሁሉ አወራሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ትቀላለች፤ በማግስቱ ጠዋት ስንገባ አረንጓዴ ሆና እናገኛታለን።

ያን ሰሞን እትዬ ዶርቃስ የሉም። ልጃቸው አርባ ምንጭ ወልዳ ሊያርሷት ፈቃድ ወጥተዋል። መስመሩን የምመራው እኔ ነበርኩ።

ሃላሌ ላይ መሣሪያውን የሚጠብቁት የክሊኒኩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አቶ ዳና ነበሩ። መሣሪያው የሚሠራው በሶላር ባትሪ ነው። ደወልኩላቸው።

«ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ታጠፋዋለህ?»

«አይ… እሱ አለ። መብራቱ አለ። እኔ… ሁሌ አያለሁ፣ ጽፌ…»

«ታዲያ ለምን ይጠፋል?»

«አልጠፋም። እሱ… እንዴት ልበል…»

እኔ ያንን መንተባተብ ውሸት አድርጌ ያዝኩት። በዚያ ላይ ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ ክሊኒኩ አጥር ሥር ሰዎች ሞባይል ቻርጅ ሲያደርጉ አይቻለሁ ብሎ አወራ። በቃ፣ ነገሩ በአእምሮዬ ተገጣጠመ። ከምሳ በኋላ የእኛን ሳጥን ነቅለው ባትሪውን ለሞባይል ቻርጅ እያከራዩት ነው አልኩ። ሦስት ሳምንት ካየሁት በኋላ ሪፖርት ጻፍኩ። «ሆን ተብሎ» የሚል ቃልም ገባበት። ያን ቃል ስጽፍ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ አንብበው ሁለት ጊዜ አልጠየቁኝም። ለአቶ ዳና ደብዳቤ ወጣ፤ በመጪው ሰኞ ያለባቸውን ንብረት አስረክበው ሶዶ እንዲቀርቡ። ነገሩ ከሥራ መባረር አልፎ ወደ ፖሊስ ሊሄድ እንደሚችልም ተጽፎበታል።

እትዬ ዶርቃስ ረቡዕ ጠዋት ተመለሱ። ለአራሷ ከተሠራው የተረፈ ቆሎ በላስቲክ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። እየቆረጠምን ሪፖርቱን አነበቡ። ሲጨርሱ ላስቲኩን ቋጠሩት።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ዳናን አነጋግረኸዋል?»

«በስልክ፣ ደጋግሜ። ይንተባተባል እትዬ። መብራቱ አለ ይልና ወዲያው ይጠፋበታል።»

«በምን ቋንቋ?»

ጥያቄው ምን እንደፈለገ ወዲያው ገባኝ። «በአማርኛ» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ሪፖርቱን እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ «መስመሯ ቀልቶ እያለ ሳጥኗን ጠርተሽዋል?» አሉ።

አንቺ ሆኛለሁ። መጥራት የምንለው ቀላል ነገር ነው። ከሶዶ ሆነህ ለሩቋ ሳጥን አጭር መልእክት ትልካለህ፤ መብራት ካላት ትመልሳለች። ማንም ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ አላደረግሁትም። ጠፍታለች ብዬ ካመንኩ በኋላ መጥራቱ ትርጉም አልነበረውም።

«አልጠራኋትም» አልኩ።

«እሺ። ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ስምንት ተኩል ላይ የዳሞታን ተራራ ጫፍ ደመና እየዋጠው መጣ፤ ወዲያው ዝናብ ጀመረ። ዘጠኝ ሳይሞላ ሃላሌ ቀላች።

«ጥራው» አሉ።

ጠራሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሁሉም ተመለሱ። ትንሽ ዘግየት ይላሉ እንጂ አንዱም አልጠፋም። ስክሪኑ ላይ ሞታለች የተባለችው ሳጥን በሙሉ ጤንነቷ እየመለሰችልኝ ነው። መብራቱን ማንም አላጠፋውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላጠፋውም።

እትዬ ዶርቃስ ለአቶ ዳና ደወሉ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው በወላይትኛ ረጅም አወሩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከስልኩ የሚሰማው ድምፅ እኔ የማውቀው የሚንተባተበው ድምፅ አይደለም። ጥርት ያለ፣ ፈጣን፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው። እትዬ ዶርቃስ በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ሳጥኗ ላይ አራት መብራት በርቷል፣ አንዱ ብልጭ ድርግም ይላል ይላል። በየቀኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል። ዝናብ ሲመጣ ነው ሶዶ የሚጠፋው፣ ሳጥኑ ግን አይጠፋም፤ ይሄን ለልጁ ልነግረው ፈልጌ አማርኛው አጠረኝ ይላል።»

ልጁ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይነግሩኝ አወቅሁት። ዋናው መስመር በሬዲዮ ሞገድ ከሶዶ ወደ ዳሞታ፣ ከዳሞታ ወደ ሃላሌ ነው። ዝናብና ደመና ሲበረታ መስመሩ ስለሚደክም መልእክቱ ራሱ መንገድ ቀይሮ በሳተላይት፣ በአዲስ አበባ ዞሮ ይሄዳል። ያ መንገድ ረጅም ነው። መልእክት ደግሞ ሲነሳ ስንት ደጃፍ፣ ማለትም ስንት ራውተር፣ ማለፍ እንደሚችል ቁጥር ተጽፎበት ይነሳል፤ በእያንዳንዱ ደጃፍ አንድ ይቀነስበታል፤ ቁጥሩ ሲያልቅ ደረሰም አልደረሰም እዚያው ይጣላል። የመጥሪያዋ መልእክት ብዙ ቁጥር ስላላት ደርሳ ተመለሰች። የሴሽኑን ሰላምታ ቁጥር ግን የሚወስነው የጻፈው ሰው ነው።

ራውተሯ ላይ የተጻፉትን ትእዛዞች ከፈትኩ። ቦምቤ አሥር ይላል። ዲምቱ አሥር ይላል። ሃላሌ ሁለት። በዳሞታ ለሚሄደው ሁለት ይበቃል፤ በአዲስ አበባ የሚዞረው ግን አራት ደጃፍ አለበት። ሰላምታዎቹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሲወድቁ ከርመዋል።

እትዬ ዶርቃስ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ያያሉ። ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አደረጉ።

«ይሄ ሁለት የማን ነው?»

ከኢንጂነሩ የወረስኩት ነው ልል ነበር። ሰውየው ከሄደ ቆይቷል፤ ማን ይጠይቀዋል? ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ የአቶ ዳና ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገና ስለነበረ ይሆናል፣ ዋጥኩት።

«የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ቀይረው።»

አሥር አልኩት። በሃላሌ በኩል ያለውንም ከሶዶ ሆኜ አስተካከልኩ። ተቀመጥን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሃላሌ ስም አረንጓዴ ሆነ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፤ አልቀላም። ክሊኒኩ ከሰዓት በኋላ ያጠራቀማቸው የመድኃኒት ጥያቄዎች ተከታትለው ገቡ። ትከሻዬ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ተወጥሮ ኖሯል፤ ሲላላ ታወቀኝ።

እትዬ ዶርቃስ ጫማቸውን በእግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ፈልገው አደረጉ። «ሪፖርቱንም ቀይረው» አሉ። «እኔ አልነግርልህም። የጻፍከው አንተ ነህ።»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ግርማ ቢሮ ገብቼ ቆሜ ተናገርኩ። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ሰውየውን ልሸፍንለት የፈለግሁ መሰላቸው። እትዬ የጻፉትን ወረቀት ሳሳያቸው «ሰው ልናስር ነበር እኮ» አሉ። ለአቶ ዳና የወጣው ደብዳቤ ተሻረ፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል። ከቢሯቸው ስወጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

እትዬ ዶርቃስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «መኪና ጠይቄያለሁ። ነገ ሃላሌ እንሄዳለን።»

«የመሻሪያው ደብዳቤ ይደርሳቸው የለ እትዬ?»

«በወረቀት የተሰደበ ሰው በወረቀት ብቻ አይታረቅም።»

አርብ ጠዋት መስፍን እየነዳ ወጣን። ክረምት ነው፤ መንገዱ ወደ ኦሞ ወገን ሲወርድ ጭቃው መኪናውን እንደ ልጅ ያንሸራትተው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተቀረቀርን። እትዬ ዶርቃስ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱና ከእኔ ጋር ገፉ። «ይተዉ እትዬ» ብላቸው፣ «አንተ ብቻህን ብትገፋ እዚህ ልናድር ነው» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላወሩኝም።

ክሊኒኩ ደርሰን ስንወርድ መጀመሪያ ያየሁት አጥሩ ሥር የተቀመጠ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከጎኑ የራሱ ትንሽ ሶላር ተዘርግቷል፤ ሰባት ስምንት ሞባይል ተሰክቶበታል። ቻርጅ ሲደረግ ታየ የተባለው ይሄው ነበር። ሶላሩ የእሱ፣ ሥራውም የእሱ ነው፤ ከክሊኒኩ ጋር የሚያገናኘው አጥሩ ብቻ።

አቶ ዳና የታጠበ ኮት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። አርባ ዓመት ገደማ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ንብረት ልንረከባቸው የመጣን መስሏቸው ቁልፎቹን በእጃቸው ይዘው ነበር። መሣሪያው ያለበት ክፍል ገባን። ወለሉ ተጠርጓል፣ ሳጥኗ ላይ አቧራ የለም። ደብተራቸውን አወጡ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ቁልቁል በጥንቃቄ የተጻፈ። «አለ፣ አለ፣ አለ።»

«አቶ ዳና» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሶዶ ላይ እኔ የተሳሳተ ቁጥር ጽፌ ነው። ሳልጠይቅዎት፣ ሳላጣራ ከሰስኩዎት። ይቅር በሉኝ።»

እንደገባቸው አየሁ። ደብተሩን ከደኑ፣ ቁልፎቹን ኪሳቸው ከተቱ፤ ከዚያ ለእትዬ ዶርቃስ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ይሄን ሚስቴ ትስማው ነው የሚለው።»

ቤታቸው ከክሊኒኩ ጀርባ፣ እንሰት መሀል ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች በደንብ ተቀበለችን፤ የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለውን፣ ከቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረበች። ለእኛ ፈገግ እያለች ነው። ወደ ባሏ ግን ዞር ብላ አላየችም። እሳቸው ሲናገሩ ወደ ምድጃው ትዞራለች። ያኔ ነው የሠራሁት ነገር ስፋቱ የገባኝ። ደብዳቤው ሲደርስ ወሬው ከተማዋን ሁሉ አዳርሷል፤ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ «የክሊኒኩን መብራት የሸጠው ሰው ሚስት» ተብላለች። እሳቸው አላደረግሁም ብለዋታል። ከሶዶ በማኅተም የመጣ ወረቀት ደግሞ አድርገሃል ይላል። ማንን ትመን?

ተነስቼ ቆምኩና እንደገና ተናገርኩ። እትዬ ዶርቃስ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተረጎሙ ነው፤ ምንም አልጨመሩልኝም፣ ምንም አላለሳለሱልኝም። ስጨርስ ወይዘሮ አማረች ቀና ብላ አየችኝና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ያጠፋኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እሱ አይደለም?»

«እሳቸው ምንም አላደረጉም።»

የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ አነሳች። ወግ እንግዳው ይቀድማል ይላል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። አለፈችኝ። እትዬ ዶርቃስንም አለፈቻቸው። ባሏ ፊት ተንበርክካ በእጃቸው ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመረች። አቶ ዳና እጃቸውን አልታጠቡም፤ ውሃው ሥር ዘርግተው ያዩት ነበር። እንባቸው ወረደ። የእሷም ወረደ። ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰችላቸው፤ ከዚያ ለእኛ ሌላ ልትቀዳ ወጣች።

ምሳውን በላን። ዳጣው ያቃጥላል። አቶ ዳና በእጃቸው አንስተው አጎረሱኝ፤ ሁለተኛም ደገሙኝ። እንደዚያ የጣመኝ ምግብ በሕይወቴ አላስታውስም።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እትዬ ዶርቃስ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ በራሳቸው ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

«በደርግ ጊዜ ስልክ ቤት ሆኜ ታስሬ ነበር፤ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ከእኛ መሥሪያ ቤት ማንም አያውቅም።

«የባለሥልጣን ወሬ ሰምታ አወጣች ተባልኩ። ጻፈብኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። አንዱ መስመር ከሌላው እየተነካካ ድምፅ ያሾልክ ነበር፤ የሰማው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ኦፕሬተር ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል? አራት ወር ታሰርኩ። ልጄ ጡት ትጠባ ነበር። በኋላ መስመሩን ሲያድሱ የተነካካውን ገመድ አገኙት፣ ተፈታሁ። ጠይቆኝ ቢሆን የትኛው ገመድ እንደሆነ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።»

«ሰውየውስ?»

«ሶዶ ነው የኖረ። ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲቀይር ኖረ። ባለፈው ዓመት ሞተ፤ ለቅሶው ሄጃለሁ።»

መስፍን የመኪናውን ሬዲዮ ዘጋው። እትዬ ዶርቃስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የደከመው ሰው ፊት ብቻ ነው።

«ያ ሰውዬ አንድ ቀን ደጄን ቢያንኳኳ ኖሮ» አሉ፣ «እኔም ምሳ አበላው ነበር።»

ከዚያ ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተኙ። በዚያ ሁሉ ጉድጓድና ጭቃ፣ ሶዶ እስክንገባ አልነቁም።